ሸራ፣ ብራንዳና የአክስቴ ደጃፍ

ስለ ቤት ብዙ ተጽፏል። ሰው ቤት ሳይኖረው ስለሚያድርበት ነገር ግን ጸሐፊዎች ዝም ይላሉ። አብዛኞቹ ውጭ አድረው አያውቁም፤ ያደሩትም በምን ምክንያት ውጭ እንዳደሩ ባይናገሩ ይመርጣሉ። እኔ በክብር አድሬአለሁ። ስለዚህ ስለ ድንኳን፣ ስለ ሸራና ስለ ተጣጣፊ አልጋ አስተያየት የመስጠት መብት አለኝ። አስተያየቴንም ከወዲሁ ልናገር፦ መጠለያ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ትልቅ ድንኳን የሚተክል ሰው ከቤቱ የወጣ ይመስለዋል እንጂ ቤቱን ሊረሳ ያልቻለ ሰው ነው። አክስቴ በዚህ አቋሜ አልተስማማችም። የተከራከርነው ደግሞ ለሽርሽር ስንሰናዳ አልነበረም።

ነጻነት በመጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በልጅነቴ ወደ ወጣሁባት አስመራ ተመልሼ ለውጭ አገር የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ትምህርቴም ንባቤም አዲስ አበባ በአማርኛ ስለነበረ ትግርኛዬ ዝጓል። ፈረንጁ ሲናገር ገበሬዎቹ በትዕግሥት ያዳምጣሉ፤ እኔ ስተረጉም ይስቃሉ። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ለዚህ ዝገት አዝና በአማርኛ ታናግረኛለች። "ከአንተ ጋር በትግርኛ ማውራት ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ መዝገን ነው" ትላለች።

የምትኖረው ጎዳይፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ብዙ ተከራይ በሚጋራው ግቢ፣ አንዲት ክፍል ይዛ ነበር። ዕድሜዋን በስልክ ቤት አሳልፋለች፤ የከተማው ሰው ይጣላ የነበረውም ይታረቅ የነበረውም በእሷ ጣቶች በኩል ነው። በጣሊያንኛ ትሳደባለች፣ በአማርኛ ትከራከራለች፣ በትግርኛ ትጸልያለች። አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ "በደወልኩ ቁጥር መስመሩ ተይዞ ነበር" ትላለች። ጡረታ ስትወጣ በእርግጥ የራሴ የምትለው ነገር አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንድ የጣሊያን ዘመን ተጣጣፊ አልጋና አንድ ጥሩ የቀንድ ማበጠሪያ ነበር። የቀረው ሁሉ ወይ የአከራይዋ ነው፣ ወይ የስልክ ቤቱ።

አንድ ቀን የአባቷ መንደር የእርሻ መሬቷን እንደ አዲስ ልታከፋፍል መሆኑን ሰማች። መንደሯ ከአስመራ በስተደቡብ፣ ከደቀምሓረ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ የደጋ መንደር ናት። እዚያ መሬቱ የማንም ሳይሆን የመንደሩ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ይሰበሰብና በዕጣ ይታደላል። ድሮ ላላገባች ሴት በስሟ ዕጣ አይወጣም ነበር። አሁን ጊዜው ተለውጧል፣ ሴትም ትቆጠራለች ተባለ። የቆጠራው ልማድ ግን አልተለወጠም፤ የሚቆጠረው በመንደሩ ቤት ያለው ብቻ ነው። ቤት ያለው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አክስቴ እንዲህ አስረዳችኝ፦

"ስማኝ ወደይ፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ በማለዳ በየቤቱ ይዞራሉ። ውጭ ቆመው ይጣራሉ። ባለቤቱ ከውስጥ አቤት ይላል፣ በገዛ ደጃፉ ወጥቶ ይቀበላቸዋል። አለቀ፤ ተቆጠረ። በዘመድ ቤት ያደረ ግን እንግዳ ነው። እንግዳ ምሳ ይበላል እንጂ መሬት አይበላም።"

"የአያቴ ቤትስ?"

"ጦርነቱ በላው።"

ቤቱ በድንጋይ ግድግዳና በእንጨት ምሰሶዎች ላይ አፈር የተጫነበት የደጋ ህድሞ ነበር። እዚያ የሰፈረ ጦር ምሰሶዎቹን እየነቀለ ሻሂ አፈላባቸው፤ ጣራው ተደረመሰ። አዲስ ምሰሶ እንዳይቆረጥ ደግሞ ዛፍ መቁረጥ ተከልክሏል። ከቆጠራው በፊት ቤት ማቆም አይታሰብም፤ ቆጠራው ካመለጣት የሚቀጥለው ክፍፍል ከዓመታት በኋላ ነው።

"ለሚቀጥለው አልደርስም" አለች፤ ስለ አውቶቡስ የምታወራ ይመስል። ከዚያም "ሰውን ሁሉ ሳስቆጥር፣ ሳስጠራ ኖሬ፣ አንድ ቀን እኔን ቢጠሩኝ ምን አለበት?" አለች። አክስቴ ከዚህ በላይ ስታማርር ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ በአውቶቡስ የሚጫን፣ ለአንድ ሌሊት የሚያሳድር፣ ሽማግሌ ፊት "ቤቴ ነው" ሲሉት የማያሳፍር ነገር መፈለግ ጀመርን።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ያመጣችው አከራይዋ ናት። ከእርዳታ እህል ጋር የመጣ ሰማያዊ ላስቲክ ነበራት፤ ሁለት እንጨት ተክሎ እሱን መወጠር ነው። ቀላል፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ሲታጠፍ ከአንድ ጋቢ የማይበልጥ ነገር ነው፤ በእውነት ለመናገር በዓለም ላይ እንደ እሱ ብዙ ሰው ያስጠለለ ቤት ያለ አይመስለኝም። አክስቴ በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና መለሰችላት።

"የቐንየለይ፣ ሓፍተይ፤ አመሰግናለሁ እህቴ። ግን ሱዳን ለከረመ ይህ ቤት ነው። እኔ በአባቴ ድንጋይ ላይ ስደተኛ መስዬ አልገኝም።"

ሁለተኛው፣ የሸሸው ጦር ጥሎት ከሄደው ክምር ውስጥ አንድ ዘመዳችን ያመጣው የወታደር ድንኳን ነበር። ግቢው ውስጥ ለመትከል ሞከርን። የወታደር ድንኳን ለመትከል ሰው ይፈልጋል፤ ሰዎቹን ለመስደብ ደግሞ አንድ አስር አለቃ ይፈልጋል። አክስቴ ሁለተኛውን ሥራ በሚገባ ተወጣች። ቢሆንም ገመዱ ከአከራይዋ የልብስ ማስጫ ጋር ተጠላለፈና ድንኳኑ በአንሶላዎችና በአንዲት ዶሮ ላይ ተኛ። ዶሮዋን አውጥተን ስናበቃ አክስቴ ሸራውን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"መልሰው" አለችኝ።

"ደግመን ብንሞክር እኮ ይቆማል።"

"መቆሙንስ ይቆማል። መንደሩ ግን ይህን ቀለም ያውቀዋል። ከዚህ ቀለም ውስጥ ሆኜ አቤት ብል ማንም አይቆጥረኝም፤ ሁሉም በበለሱ መሃል ነው የሚሮጠው።"

በዚህ ጊዜ የኔን አቀረብኩ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ አውስትራሊያዊ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚተኛበትን ትቶልኝ ሄዶ ነበር። በአገሩ ከብት ነጂዎች በረሃ የሚያድሩበት ነው። የግመል ቀለም ያለው ወፍራም ሸራ ሆኖ ውስጡ ስስ ፍራሽ አለው፤ ዙሪያው ዚፕ ነው፤ ሲጠቀለል በሁለት ጠፍር ይታሰራል። ምሰሶ የለውም፣ ገመድ የለውም፣ የሚተረጎም መመሪያ የለውም። መሬት ላይ ትዘረጋዋለህ፣ ትገባበታለህ፣ ትተኛለህ። ነፋስ የሚገፋው ግድግዳ ስለሌለው ነፋስ አይጥለውም። የሰው ልጅ መጠለያን ከምንም ተነሥቶ እስከ ግንብ ሲያሳድግ ኖሮ አንድ ቦታ ላይ በቃ ማለት ከነበረበት፣ እዚህ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ለአክስቴ በሰፊው አብራራሁላትና ግቢው ውስጥ ዘርግቼ ገባሁበት፤ ዚፑንም እስከ አገጬ ሳብኩት።

"ይመቻል?" አለችኝ ከላይ ቆማ።

"እንደ ንጉሥ።"

"እስቲ ውጣ።"

መውጣት እንደ መግባት አይደለም። መጀመሪያ ራሴ፣ ቀጥሎ አንድ ክርኔ፣ ቀጥሎ ለጥቂት ጊዜ ምንም፤ ከዚያ በጉልበቴ ተንፏቅቄ ወጣሁ። ተከራዮቹ በሙሉ በየበራቸው ቆመው ያያሉ።

"ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ ልውጣ?" አለች አክስቴ። "እንደ እባብ ቆዳዬን ገፍፌ?"

"ሬሳ መስሎ ነበር" አለች አከራይዋ።

"አይፋልን፣ በጭራሽ። ሬሳ እንኳ ወግ አለው።"

ስለ መጠለያ ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሰዎች ሲመርጡ የሚያስቡት እንዴት እንደሚገቡበት ነው። አክስቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምታስበው እንዴት እንደምትወጣበት ነበር።

የቀረው ተጣጣፊ አልጋዋ ነው። አስመራ ውስጥ ብራንዳ ይሉታል፤ ስሙም አልጋውም ከጣሊያኖች የቀረ ነው፤ ሸራ የተወጠረበት የብረት እግር ያለው፣ ሲታጠፍ በብብት ሥር የሚያዝ። ሐሳቧ በእሱ ላይ የብረት ቅስት አስበይዳ ሸራ ማልበስ ነበር። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ፣ የራሱ ጣራ ያለው። ከመሬት ጋር ያልተነካካ መጠለያ እንዴት የመሬት ምስክር ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ። "አንተ በመሬት ተኛ፤ እኔ መሬቱን ልውሰድ" አለችኝና አልጋውን አሸክማኝ በእግራችን መደበር ወደሚባለው የአንጥረኞች ገበያ ሄድን።

መደበርን የሚንቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የሚንቁትም አብዛኛውን ጊዜ ከመደበር በወጣ ምድጃ ምሳቸውን እያበሰሉ ነው። እዚያ ምንም ነገር አይሞትም። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፣ የጥይት ሳጥን የሙሽራ ሣጥን ይሆናል። ከበርበሬ ወፍጮው አቧራና ከመዶሻው ድምፅ መሃል ያገኘነው በያጅ በሙያው ብቻ ሳይሆን በአፉም የታወቀ ነበር፤ በመከላከያ ፋንታ ሁለት የፀሐይ መነጽር ደራርቦ ያደርጋል።

"አደይ፣ ሥራው ቀላል ነው። ልክዎን ልውሰድ፤ ይተኙበት።"

"በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት?"

"ልብስ ሰፊም ልክ ይወስዳል እኮ!"

"ልብስ ሰፊ ቆሜ ነው የሚለካኝ" አለች፤ ተኛች ግን። ጃንጥላዋን ደረቷ ላይ እንደ ጎራዴ አቁማ በመደበር መሃል ስትጋደም አንጥረኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። በዚያ ሰፈር እንዲያ ያለ ጸጥታ የሚሰማው በዓመት በዓል ብቻ ነው።

ልንወስድ ስንመለስ ቅስቶቹ ተበይደው፣ ከድሮ የጭነት መኪና የወጣ ፀሐይ ያነጣው ሸራ ለብሰው ጠበቁን። አክስቴ ገባች፣ ተጋደመች፣ ቀና አለች፤ ግንባሯም ከብረቱ ጋር ተገናኘ።

"ይህ አልጋ ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን?"

"አደይ፣ ለመኝታ ነው ያሉኝ።"

"ከተኛሁ የምነሣ አልመሰለህም? ቁጭ ብዬ ጸጉሬን ማበጠር አለብኝ። ጸጉሯን ያላበጠረች ሴት ከደጅ ብትወጣ ለመሬት አትቆጠርም፤ ከእብዶች ጋር ነው የምትቆጠረው።"

በያጁ መነጽሮቹን አንድ በአንድ አውልቆ አያት፤ ተመልሶ አጠለቃቸውና ቅስቶቹን ቆርጦ ጣላቸው። ከአንድ አሮጌ መኪና የኋላ ጣሪያ ላይ ከፍ ያሉ ቅስቶች አምጥቶ ከአልጋው እግሮች ጋር በየዳቸው። እግሮቹ በለስላሳ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጡም ከመድፍ ቀለህ የተቆረጠ ክብ ነሐስ ጫማ አደረገላቸው። ሸራው በአንድ ጎን እንደ መጋረጃ ይጠቀለላል፤ ማሰሪያው ጫማ ክር ነው። እኔ ለማድነቅ የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ ግን ዞሬ ዞሬ አየሁት። ሦስት ጦር ጥሎት በሄደው ብረት ላይ አንዲት ጡረተኛ ጸጉሯን የምታበጥርበት ቦታ ተሠርቷል።

"አሁን ግን አይታጠፍም" አልኩ። እውነት ነው፤ ቅስቶቹ ከእግሮቹ ጋር ተጣብቀዋል። የተጣጣፊ አልጋ ብቸኛ ጸጋ ጠፍቷል።

"የሚታጠፍ ብረት ብረት አይደለም" አለ በያጁ፤ ጉዳዩም በዚህ ተዘጋ።

በአውቶቡስ ፌርማታው ሾፌሩ ጣሪያ ባለው አልጋ ፊት ለፊት ወገቡን ይዞ ቆመ።

"አደይ፣ ይህ ምንድነው?"

"ቤቴ ነው።"

"እኔ ዕቃ ነው የምጭነው። ቤት አልጭንም።"

"እንግዲያው አልጋ ነው።"

"አልጋ ከሆነ ይጫን።" ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሁለት ፍየሎችና ከአንድ የጤፍ ጆንያ አጠገብ ታስሮ ተጓዘ። የኔ ጥቅል እግሬ ሥር ነበር፤ ይህንንም ሳላነሣ አላልፍም።

መንደሩ ስንደርስ ቀትር አልፏል። የአጎቷ ልጆች፣ በጉልበት የተሞሉ አራት ገበሬዎች፣ አልጋውን ከመንገዱ ተሸክመው አስገቡልን። የአባቷ ቤት ግን ቤት ተብሎ የሚጠራ አልነበረም። ግድግዳው እስከ ጉልበት ብቻ ቀርቷል፤ ውስጡ ድንጋይ ነው፣ በድንጋዩ መሃል ሰው የሚያህል በለስ በቅሏል። አጠገቡ ደግሞ ሜዳ፣ ጥርግ ያለ፣ እንደ ወለል የተስተካከለ፣ ዙሪያውን የሚያይ ቦታ አለ። እኔና አክስቴ ተያየን። ከከተማ የመጣ ሰው መጠለያ ሲይዝ የሚፈልገው ለጥ ያለ መሬት ነው። አልጋውን እዚያ አስቀመጥነው፤ የነሐስ ጫማዎቹ አንዳች አልሰመጡም፤ በምርጫችን ኮራን። የአጎት ልጆቹም ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር ስላልፈለጉ ዝም ብለው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ተደግፈው መጡ። በማግስቱ ከሚዞሩት ቆጣሪዎች አንዱ መሆናቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። የእሳቸውን ትግርኛ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

"ደህና ገባችሁ?" አሉ። "እህል ልታዘሩ ነው?"

"አይ አቦይ፣ ላድር ነው" አለች አክስቴ።

"በአውድማ ላይ?" ዙሪያውን አዩ። "በአውድማ ላይ የሚያድር ወይ ነፋስ የሚጠብቅ ነው፣ ወይ ሌባ የሚጠብቅ ነው፣ ወይ ልቡ የተነካ ነው። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

አባቷን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ወዘወዙ፤ ወደ ፍርስራሹ በበትራቸው አመለከቱና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ።

አውድማው የመንደሩ የጋራ መውቂያ ነው። እዚያ ላይ ቤት አለኝ ማለት አስፋልት መሃል አልጋ ዘርግቶ አስመራ ውስጥ ቤት አለኝ እንደ ማለት ነው። አክስቴ ከዚያ መንደር የወጣችው ከመማሪያ ዕድሜዋ በፊት ነበር፤ እኔ ደግሞ አውድማ የማውቀው በተረት ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርታ ነበር። ከዚያ ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ ያዘች፣ የአጎቷን ልጆች ጠራች፣ "አንሡት" አለች።

አራቱ አልጋውን በትከሻቸው አነሡ። አውድማውና ፍርስራሹ ቢጎራበቱም በመካከላቸው ያለው የበለስ አጥር አልጋ አያሳልፍም፤ የሚያስኬደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞሮ በመንደሩ መሃል የሚያልፈው ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ሸራ የለበሰ አልጋ፣ አራት ተሸካሚ፣ ከኋላው ጥቁር ጃንጥላ የያዘች አሮጊት፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ጥቅል የተሸከመ ያዘነ የሚመስል የከተማ ሰው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከተቀመጡበት ተነሡ። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችን፣ ሌላዋ ተጨመረች፣ ሦስተኛዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ጥሩ አልቃሽ ነበረች፣ ወዲያው ሰው አስከተለች።

አንድ ገበሬ ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቃት፦ "እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማን ነው ያረፈው?"

"ማንም አላረፈም። አልጋው የኔ ነው።"

"የአንቺ? አንቺማ ቆመሻል!"

"እወ። ለዚህም ነው በእግሬ የምሄደው።"

አልቃሿ መሃል ላይ አቋረጠች። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ጥሩው ነገር ሬሳ ሊሸኝ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ተከትለውን ፍርስራሹ ድረስ መጡ። በለሱን የቆረጡት እነሱ ናቸው። ድንጋዩን ያወጡት፣ መሬቱን የጠረጉት እነሱ ናቸው። እኔና አክስቴ ብቻችንን ብንሆን ሥራው አንድ ሳምንት ይፈጅብን ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋው በአራቱ የጉልበት ቁመት ግድግዳዎች መሃል ቆመ። አልቃሿ ከጎረቤት ፍም አምጥታ በሦስት ድንጋይ መሃል እሳት አነደደችላት። ከፍርስራሹ ሥር ደግሞ አንድ ነገር ወጣ፤ ሰፊ የደጃፍ ድንጋይ፣ ስንት ሰው እንደረገጠው ባላውቅም መሃሉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን ጠረገችለት። 

ለኔ የተሰጠኝ ቦታ ከደጃፉ ውጭ ነበር። ጥቅሌን ስዘረጋ ትእዛዝ መጣ።

"ወደይ፣ ጠዋት ምንም ብትሰማ አፍህን እንዳትከፍት። ወንድ ከደጄ አቤት ካለ ቤቱ የእሱ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የአንተ እንግዳ እሆናለሁ።"

በሌሊት ካፊያ ጣለ። ጥቅሌ አንዲት ጠብታ አላስገባም፤ ፊቴ ብቻ ረጠበ፤ እሱንም ቢሆን መሸፈን የምችል ሲሆን ሰማዩን ማየት ፈልጌ ነው የተውኩት። ብራንዳው ሲንጠባጠብ እሰማ ነበር። ይህን የምለው ስለ ፍትሕ ነው።

ማለዳ በእግር ኮቴ ነቃሁ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የትናንቱ ሽማግሌ፣ ሌላ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ አዲሱ አስተዳደር አብራቸው እንድትዞር የላካት ጸጉሯ አጭር የቀድሞ ታጋይ። ከግድግዳው ውጭ ቆሙ።

"የዚህ ቤት ሰው አለ?" አሉ ሽማግሌው።

መልስ የለም። ከሸራው ውስጥ ግን የማበጠሪያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ረጋ ያለ፣ ከሥር እስከ ጫፍ። ጸጉሯን እያበጠረች ነው! አፌ ጫፍ ላይ የደረሰውን አቤት ከሸራው ጠርዝ ጋር ነክሼ ያዝኩት።

"የዚህ ቤት ሰው አለ?"

ማበጠሪያው ይቀጥላል። ዝምተኛው ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ቤት አንድ እርምጃ ተራመዱ። በሕይወቴ ብዙ ንግግር አድርጌአለሁ፤ የዚያን ያህል የከበደኝ ግን ያን ማለዳ ያልተናገርኩት ነው።

"ልድገመው" አሉ የመጀመሪያው። "የዚህ ቤት ሰው አለ ወይ?"

"አለሁ!"

የስልክ ቤት ድምፅዋ ነበር፤ ከምፅዋ ጋር ያገናኝ የነበረው። ሸራው ተጠቀለለ፤ አክስቴ እግሯን አወረደች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ተነሥታ ቆመች። ጸጉሯ ለሰርግ እንደሚሄድ ሰው ተስተካክሏል። በአልጋውና በደጃፉ መካከል ያሉትን ጥቂት እርምጃዎች ቸኩላ አልሄደችም። የጎደጎደውን ድንጋይ ረግጣ ወጣችና "ደህና አደራችሁ" አለች።

"ደህና አደርሽ" አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያ በትራቸውን አነሡ። "ግን ልጄ፣ ቤት አይሄድም። ይህ ቤት ትናንት በመንደር ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ባርኔጣዬንም አውልቄለታለሁ።"

"ትናንት የሄደው አልጋ ነው፣ አቦይ። አውቶቡሱም አልጋ ብሎ ነው የጫነው። የእርስዎ አልጋ በእግሩ ነው ወደ ቤት የገባው?"

ታጋይዋ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ጣራስ?"

"ጣራማ የሁላችንም ሄዷል። እናንተ ቆርቆሮ አለበሳችሁ፣ እኔ ሸራ። ዛፍ መቁረጥ ሲፈቀድ እንነጋገራለን።"

ሽማግሌው አንገታቸውን አሰገጉ። አልጋውን ለማየት የፈለጉ መሰሉ። ግድግዳው እስከ ጉልበታቸው ነበር፤ ከቆሙበት አንድ እግር ቢያነሡ ውስጥ ናቸው። አላነሡም። በግድግዳው ዙሪያ፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ በበትራቸው እየተደገፉ ዞረው ደጃፉ ጋ መጡ፤ ከደጃፉ ድንጋይ በመለስ ቆሙ፤ ከፊታቸው ክፍት ሰማይ ብቻ ሳለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሰብ ገዛ!" አሉ፤ ቤቶች እንደ ማለት ነው።

  አክስቴ ወደ ውስጥ ተመለሰችና "ይግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር" አለች። ዝምተኛው ሽማግሌና ታጋይዋም በዚያው ደጃፍ፣ ተራ በተራ፣ ገቡ።

ሌላ ወንበር ስላልነበረ ሽማግሌው ብራንዳው ላይ ተቀመጡ። ቅስቱ ራሳቸውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። የነሐስ ጫማዎቹን አዩ፣ የጫማ ክሩን ፈትተው አሰሩት፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

"አንድ ቤት" አሉ ለዝምተኛው ሽማግሌ። "ባለቤቷ እሷ።"

"ውጭ ጆንያ ውስጥ ያለው ሰውስ?" ስትል ታጋይዋ ጠየቀች። "እሱም ቤት ነው?"

አክስቴ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችኝ። እኔ እንደታዘዝኩት አፌን ዘግቼ፣ ዚፔን እስከ አገጬ ስቤ ተጋድሜ ነበር።

"አይፋልን" አለች። "እሱ ጓዜ ነው።"